ወሬ የሌለው ሩጫ

በእኛ አገር ገጠር ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። የሚሮጥ ሰው ወይ ወሬ ይዟል፣ ወይ ወሬ ሰምቷል፣ ወይ ደግሞ እሱ ራሱ ወሬ ሆኗል። ቤት ተቃጥሎ ይሆናል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ትኖር ይሆናል፤ በሬ ገደል ገብቶ፣ ልጅ ወንዝ ወስዶት፣ ወይም ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ዱላ ተማዝዘው ይሆናል። ስለዚህ በማሳ መካከል የሚሮጥ ሰው ከታየ፣ አራሹ በሬዎቹን አቁሞ ቀና ይላል፤ አራሚዋ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታያለች፤ እረኛው ከጉብታው ላይ «ምንድን ነው?» ብሎ ይጣራል። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያልፍ ሯጭ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ዕብድ።

ሶምሶማ ችግር የሚፈጥረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሶምሶማ ማለት ማንም ሳያሳድድህ፣ አንተም ማንንም ሳታሳድድ፣ ከቤትህ ወጥተህ እዚያው ቤትህ ለመመለስ የምትሮጠው ሩጫ ነው። ይዘኸው የምትሄደው ወሬ የለም፤ ይዘኸው የምትመለሰውም የለም። ከተማ ውስጥ በዚህ የሚገረም ሰው አታገኙም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ በማለዳ ስንቱ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ያረፍዳል፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አያየውም። በቱታ የሚሮጠውን ተዉት፣ በሙሉ ልብስና በከረባት የሚሮጠውንስ ማን ይጠይቀዋል? ታክሲ ሊያመልጠው ነው ብለን እናልፈዋለን። ገጠር ውስጥ ግን ሩጫ ንግግር ነው። እግርህን ካነሳህ አንድ ነገር ተናግረሃል ማለት ነው።

እኔን ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገችኝ መካነ ሰላም ናት። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሥራ እየወሰደኝ ደጋግሜ ሄጄባታለሁ፤ አንዳንዴም ወር ያህል እቀመጥ ነበር። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። (የወሎውን ቦረና ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ «ቦረና ከርሜ መጣሁ» ባልኩ ቁጥር ስለ ግመል የጠየቀኝ ሰው ብዛቱ!) አገሩ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል የተዘረጋ ደጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ወደ ሳይንት በኩል ሲሄዱ መሬቱ እየሻቀበ፣ ድሮ ደንቆሮ ጫካ ይባል ወደነበረው፣ ኋላ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወደተባለው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ወደሚኖሩበት ከፍታ ይደርሳል።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ያለው ምድር ግን ልዝብ ነው። ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጉልበት አይሰብርም፣ ትንፋሽ አያሳጣም። የእግር መንገዱ በሁለት ማሳ መካከል ባለው ድንበር ላይ ይሄድና የባሕር ዛፉን ጥግ ይይዛል፤ በመስጊዱ ጀርባ ዞሮ በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ሥር ያልፋል። መስከረም ላይ አደይ አበባው ነው፤ ኅዳር ላይ ደግሞ የጤፉ ማሳ ወርቅ መስሎ ይተኛል። እንዲህ እያለ ሲያጓጓችሁ ቆይቶ ምድሩ ድንገት ይቆረጣል። ገደል! ከታች ያለው ሸለቆ ጭጋግ ለብሶ ጥልቀቱ አይታይም። የሶምሶማ ሯጭ መንገድ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ዞሮ መመለስ ነው። እኔ በዚያ መንገድ የሮጥኩት በጎበዝነት አይደለም። ሐኪም «ስኳር ሊጀምርህ ነው፣ ተንቀሳቀስ» ብሎኝ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይተውኝ ኖሮ መንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ የሚነገራቸውን ለመስማት ተዘጋጅተው ነው የቆሙት። ፊታቸው መርዶ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

«ልጄ፣ ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«ኧረ ማንም ምንም አልሆነ፣ አባቴ። እንዲያው ለጤና ነው።»

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«ጤና ሆነህ ነው ለጤና የምትሮጠው?»

«እንዳልታመም ብዬ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ምስጋናው ለእኔ ጤንነት ይሁን ለመንደሩ ደህና ማደር አላወቅሁም፤ ለመንደሩ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ማሳው ማዶ ዞረው፣ ካንድ አዛውንት በማይጠበቅ ድምፅ፣ «ደህና ነው! ደህና ነው! እንዲሁ ነው የሚሮጠው!» ብለው ተጣሩ። ማዶ ያሉት አምስት ስድስት ሰዎች ሥራ አቁመው ቆመው ነበር። አንደኛው መጫሚያውን አጥብቆ ለመነሳት ተዘጋጅቶ ነበር። እንዲሁ እንደምሮጥ ሲሰማ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔ ከዚያ በኋላ ያ መጫሚያውን ያጠበቀው ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም። ወዴት ሊሄድ ነበር? ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። አንድ የማያውቀው ሰው ሲሮጥ አየ፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ችግር ላይ ነው፤ ስለዚህ መሄድ አለበት። ሒሳቡ ይህ ብቻ ነው። የእሳት አደጋ መኪናም ሆነ አምቡላንስ በማይደርስበት ጎጥ ሰው የሚተማመነው በዚህ ነው፤ በጎረቤት ዓይንና ጆሮ፣ ከዚያም በጎረቤት እግር። ጩኸት የሰማ ሰው «ይሄ የኔ ጉዳይ አይደለም» ማለት አይችልም። ሰምቶ የቀረ ሰው በኋላ ለቅሶ ላይ ምን ፊት ይዞ ይቀመጣል? ሕመምተኛውም በቃሬዛ የሚሄደው ሰዎች ተራ በተራ ትከሻ እየተቀባበሉ፣ ሜዳው ላይ እየሮጡ፣ ቁልቁለቱ ላይ እየተጠነቀቁ ነው። በዚያ አገር የሩጫ ዋናው ትርጉም ይህ ነው።

ታዲያ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው በገዛ እግሩ፣ በገዛ ጊዜው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ለሚያደርገው ነገር መልስ አለበት ወይ? የከተማ ልጅ «የለበትም» ይላል። «ምን አገባቸው? ማሳቸውን አልረገጥኩ፣ ከብታቸውን አላስደነበርኩ!» እዚያው መካነ ሰላም የሚያስተምር ወዳጄ፣ የሂሳብ መምህር ነው፣ አብረን እንሮጥ ነበርና እሱም የዚህ ሐሳብ ደጋፊ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ማን ጠየቀው? ይለኛል። እኔም እመልስለታለሁ፤ ኃይሌማ ትምህርት ቤት ነበረው። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ ግራ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ልጅ ታጥፎ ነበር የሚሮጠው። የሚያየው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ለውድድር የሚሮጥ ሰውም በገጠር ችግር የለበትም። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች ወዲህ፣ አንድ ወጣት «ለውድድር ነው የምለማመደው» ካለ ይመረቃል፣ ውኃም ይሰጠዋል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ የሮጠው ሩጫም ወሬ ነበረው፤ ያውም ምን ዓይነት ወሬ! ጣሊያን ከአክሱም ወስዶ ባቆመው ሐውልት አጠገብ አልፎ ነው ያሸነፈው። ያን ወሬ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ሆኖ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አልነበረም። መልስ የሚቸግረው ለውድድርም ለመልእክትም ያልሆነው ሯጭ ነው። እኔና መምህሩ።

አንዳንድ ሰው ነገሩን በጉልበት በኩል ያየዋል። ገጠር ውስጥ ጉልበት ሒሳብ አለው። ወንፈል ስትገባ ዛሬ እኔ ላንተ አንድ ቀን ካጨድኩ፣ ነገ አንተ ለኔ አንድ ቀን ታጭዳለህ፤ የተቆጠረ ነው። ታዲያ ባለ ቱታው መጥቶ የሰዓት ሙሉ ጉልበት ሜዳ ላይ ሲያፈስስ ማየት፣ ለተራበ ሰው እህል ሲደፋ እንደማየት አይሆንም ወይ? አንድ ጠዋት ሃያ ሊትር ውኃ በጀሪካን አዝላ የምትወጣ ሴት ይህንኑ በቀልድ ነገረችኝ። «ወንድምዬ፣ ጉልበቱ ከተረፈህ ይችን አድርስልኝና ሩጥ!» ተቀበልኳትና ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቤቷ አደረስኩላት። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ወንድ ውኃ ሲሸከም በማየታቸው የሳቁትን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ነው። ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ሠላሳ ይሆናል፤ ሳይንሱ ምንም ይበል።

ይሁንና ይህን የጉልበት ክስ እኔ ብዙም አልቀበለውም። እኔ ሶምሶማዬን ባቆም የሴትዮዋ ጀሪካን አይቀልላትም፤ የሚቀልላት ቧንቧ ቢገባላት ነው። እንዲያውም በሩጫ ታሪክ ውኃ ተሸካሚና ሯጭ ባላንጣዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ፣ ከማሩሲ መንደር ወደ አቴንስ ውኃ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ንጉሡ «የፈለግኸውን ጠይቅ» ሲሉት ለውኃው ማመላለሻ የሚሆን ጋሪ ጠየቀ ይባላል። መካነ ሰላም ላይ ብነግራት ያቺ ሴት ደስ የሚላት ታሪክ ነው።

ማራቶንን ካነሳን አይቀር፣ የሩጫ ወሬ እንዴት እንደጠፋ የሚያሳየው እሱ ራሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ፋርሶች ማራቶን ላይ ሲያርፉ ፊዲፒደስ የተባለው የአቴና መልእክተኛ ርዳታ ለመጠየቅ ወደ ስፓርታ መሮጡን ሄሮዶቱስ ጽፏል፤ መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዘመናት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ደግሞ መልእክተኛው ከማራቶን አቴና ሮጦ ድሉን አብሥሮ ወድቆ ሞተ የሚለውን ታሪክ አመጡ። ያም ሆነ ይህ፣ ነገሩ መልእክት ነበር። እኛ ሩጫውን ወስደን መልእክቱን ተውነው። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመቶ ዘጠና አምስት ሜትር ሮጦ የደረሰን ሰው «ምን ወሬ?» የሚለው የለም፤ «ስንት ሰዓት ገባህ?» ነው የሚባለው።

ከዚህ የባሰም አለ። ጂም ቤት ገብታችሁ ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ የምትሮጡበት ትሬድሚል የሚባለው ማሽን አያት ቅድመ አያቱ ወህኒ ቤት ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ ዊልያም ኪውቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እስረኞች ደረጃ እንደሚወጡ ሆነው ለሰዓታት የሚረግጡትን ትልቅ ተሽከርካሪ መንኮራኩር ሠራ። አንዳንዱ እህል ይፈጭ ነበር፤ ብዙው ግን ምንም አይፈጭም፤ የሚፈጨው ነፋስ ነው። ለአንድ ሰው ትልቁ ቅጣት ፍሬ የሌለው ድካም ነው ብለው አስበው ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ጭካኔ ነው ተብሎ ቀረ። እኛ ዛሬ በወር እየከፈልን እንወጣበታለን። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም፤ ድካም ቅጣትም ደስታም መሆኑ የሚወሰነው በእግሩ ሳይሆን በነጻነቱ ነው ለማለት ነው። ሽማግሌው «እንዲሁ ነው የሚሮጠው» ያሉት ቃል ውስጥም ይህ አለ መሰለኝ። እንዲሁ መሮጥ የሚችል ሰው ነጻ ሰው ነው።

ነጻ ይሁን እንጂ ብቻውን አይደለም። እኔና መምህሩ ያልተግባባነው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት ስሄድ የሚጠይቀን ሰው ቀነሰ። በሦስተኛው ዓመት ከናካቴው ጠፋ። አራሹ ቀና አይልም፤ እረኛው አይጣራም፤ ሕፃናቱ ብቻ ትንሽ ይከተሉንና ይተዉናል። ለካ መንደሩ በራሱ መንገድ ሕግ አውጥቷል። ቱታ የለበሰ ከሆነ ተወው፤ ጋቢ ለብሶ ወይም በባዶ እግሩ የሚሮጥ ከሆነ ግን ጠይቅ። መምህሩ ደስ አለው። «አየህ ጋሼ፣ ሠለጠኑ!» አለኝ። እኔ ደስ አላለኝም፤ ለምን እንዳላለኝ ግን ያኔ ቃል አላገኘሁለትም ነበር።

ቃሉን የሰጠኝ ራሱ መምህሩ ነው፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ የነገረኝ ታሪክ። ሁለት ወጣቶች ወደ አፋፉ ሄደው ሳለ አንደኛው አዳልጦት ይወድቃል። ደግነቱ ገደሉ ውስጥ ሳይሆን ከአፋፉ ትንሽ ዝቅ ያለ እርከን ላይ ነው ያረፈው፤ እግሩ ግን ተሰብሯል። ጓደኛው እየሮጠ ወደ መንደሩ ይመጣል። ቱታ ለብሷል። ያዩት ገበሬዎች ምን እንዳደረጉ ገምቱ። አጨበጨቡለት! «አይዞህ! በርታ! ጎበዝ!» አሉት። ልጁ ትንፋሹ ተቆርጦ መናገር አልቻለም፤ እጁን ያወናጭፋል፤ እነሱ ደግሞ ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን ያወናጭፉለታል። ሁለት ማሳ፣ ሦስት ማሳ እንዲህ እየተጨበጨበለት አለፈ። በመጨረሻ ያስቆሙት አንዲት እናት ናቸው። ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ መሆኑን አይተው፣ «ኧረ ይሄ ልጅ ደህና አይደለም!» ብለው መንገዱ ላይ ቆሙበት። ከዚያ በኋላማ ቃሬዛው ተዘጋጀ፤ ያጨበጨቡት ሰዎች ናቸው ሮጠው ያወጡት። ልጁ ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል።

እነዚያን ገበሬዎች የሚወቅስ ካለ እኔ የለሁበትም። እነሱ ያደረጉት እኛ ያስተማርናቸውን ነው። ሁላችንም ልጅ ሆነን «ተኩላ መጣ!» እያለ የሚቀልደውን እረኛ ተረት ሰምተናል። ተረቱ ውስጥ ግን እረኛው ዋሽቷል። እኛ አልዋሸንም፤ «ተኩላ መጣ» ብለን አልጮህንም። ዝም ብለን ሮጥን እንጂ። ይህም ሆኖ ውጤቱ አንድ ነው፤ ምልክቱ ረከሰ። ሞራል የሚባለውን ነገር ከባድ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ነው፤ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ የጋራ የነበረ ነገር ይሸረሸራል። የመንደር ንቃት እንደ ግጦሽ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢግጠው ማንም አጠፋ አይባልም፤ ሣሩ ግን ያልቃል።

ከተማስ ቢሆን ያለው ይኸው አይደል? የአምቡላንስ ሳይረን ሲጮህ ስንቶቻችን ነን መንገድ ከመልቀቃችን በፊት «እውነት በሽተኛ ይዞ ነው ወይስ ትራፊኩ ሰልችቶት ነው?» ብለን የምናስበው? በመኪና ጥሩምባማ ተጫውተንበት አበቃን፤ ለሰርግም፣ ለኳስም፣ ለጓደኛ ሰላምታም አንድ ዓይነት ነው የምናስጮኸው። እውነተኛ «ድረሱልኝ» የሚል ሰው ዛሬ በምን ድምፅ ይናገር?

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው በገጠር ሶምሶማ ይቅር» የሚል ካለ አብሬው አይደለሁም። ስኳሩስ? ግፊቱስ? ደግሞም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በታላቁ ሩጫ የሚጥለቀለቀው ሕዝብ፣ መጀመሪያው ላይ 10 ሺህ የነበረው፣ ኋላ ከ40 ሺህ በላይ የሆነው፣ አብዛኛው የሚሮጠው ለማሸነፍ አይደለም፤ እንዲሁ ነው። ያ «እንዲሁ» የሚያምር ነገር ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው ብትሉኝ፣ እኔ የማየው መቆሙ ላይ ነው። ታላቁ ሩጫን የሚያይ ሰው የሚያየው ምን እንደሆነ ተነግሮታል። ማሳ መካከል ያለው ሰው ግን አልተነገረውም። ስለዚህ የሚሮጠው ሰው ዕዳው መቆም ነው። ቆሞ «እንደምን አደራችሁ፣ ደህና ነው፣ እንዲሁ ነው» ማለት። ይህ ስንት ይፈጃል? ግማሽ ደቂቃ። እርግጥ የስፖርት አዋቂዎች የልብ ምት መቆራረጥ የለበትም ይሉናል፤ የእጅ ሰዓቱም ይቆጣል። የኔ ሶምሶማ በመካነ ሰላም መንገድ ላይ አርባ ደቂቃ ከሆነ አሥራ አምስቱ ሰላምታ ነበር። ስኳሩ ሲለካ ወርዷል፤ ከሩጫው ይሁን ከሰላምታው ሐኪሙም አልነገረኝም።

ጠያቂውም ግን ዕዳ አለበት። የሚሮጥን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ምን ሰርቀህ ነው?» ማለት ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ አሞድ አርበሪ የተባለ የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት በአንድ ሰፈር ሲሮጥ፣ ሦስት ነጮች ሌባ ነው ብለው በመኪና አሳድደው ገደሉት። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ሦስቱም በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተብለዋል። እነሱም የሚሮጥ ሰው አይተው ቀና ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ተነስተዋል። ያ መካነ ሰላም ላይ መጫሚያውን ያጠበቀ ገበሬ ግን የተነሳው ለመርዳት ነው። የሁለቱ እንቅስቃሴ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ከመነሳታቸው በፊት በልባቸው በነበረው ላይ ነው፤ ስለማያውቁት ሰው የመጀመሪያ ግምታቸው ምን ነበር? አንደኛው «ተቸግሮ ነው» አለ፣ ሌላው «ሊጎዳን ነው» አለ። አንድ አገር ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ የሚሮጥ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳውን ጥያቄ ማዳመጥ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስጽፍ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ እንደያዘ አልጠፋኝም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀጣጠለ ወዲህ፣ በክልሉ ገጠር ሩጫ እንደገና ከባድ ቃል ሆኗል። የሚሮጥ ሰው ከታየ ጥያቄው «ማን ታመመ?» አይደለም፤ ከየት ወዴት ነው የሚሸሸው፣ ምን እየመጣ ነው የሚል ነው። ሰው ቆሞ አይጠብቅም፤ ልጁን ይጠራል፣ በሩን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ እንዲሁ የሚሮጥ ሰው ለጎረቤቱ የሚያተርፍለት ድንጋጤ ነው። አሁን ሳስበው ያ «እንዲሁ ነው የሚሮጠው» የተባለልኝ ጠዋት ወሬ አልነበረኝም ማለት ይከብደኛል። ማዶ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን የቀጠሉት ወሬ ሰምተው ነው፤ ዛሬ ምንም አልሆነም የሚል ወሬ። ያን ወሬ ስንት ጊዜ ሰምተነው ወሬ ሳንለው ቀረን።

መምህሩ ጋ በቅርቡ ደውዬ ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ተጨዋወትንና «ሶምሶማውስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እሱማ ቀረ። ሰው ማስደንገጥ ነው» አለኝ። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ውስጥ ገመድ ይዘላል። መዝለል በጀመረ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቱ እትዬ ጭንቅላቱ ብቻ ከአጥሩ በላይ ብቅ ጥልቅ ሲል አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብለው ተጣሩ። ገመዱን ጥሎ ወደ አጥሩ ሄደና ነገራቸው።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አልኩት።

«ሩብ ሰዓት። ቡና አፍልተው ኖሮ አስገቡኝ።»